ቮልሷ ምን ትጠጣ?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው ይዛ የወጣችው መኪና ቮልስዋገን እንደነበረች የማያውቅ የለም። ቮልስ በሯ ሁለት ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ መቀመጫ ለመግባት የፊቱ ወንበር መታጠፍ አለበት፣ ገቢውም ጎንበስ ማለት አለበት። ሮልስ ሮይስ የለመዱት ንጉሠ ነገሥትም እንደማንኛውም ሰው ጎንበስ ብለው ገቡ። ስለዚያች ቅጽበት ብዙ ተጽፏል፣ ፊልምም ላይ ታይቷል፣ ሽማግሌዎቻችንም ሲያወሩት ድምፃቸው ይለወጣል።

እኛ ዛሬ የምናወራው ግን ከንጉሡ ወንበር ጀርባ፣ ሞተሩ ውስጥ፣ ስለነበረው ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ነው።

ቆይ፣ አትሳቁ! ምክንያት አለን። ከመካከላችን የአንዱ አጎት ባለ 1300 ቮልስ አላቸው። ሚስታቸውን ያገቡባት፣ ልጆቻቸውን ከሆስፒታል ያመጡባት፣ እኛም በልጅነታችን ስድስት ሆነን ተጠቅጥቀን የሄድንባት መኪና ናት። እናላችሁ አጎትየው አንድ ቀን "ለዚች ልጅ ምርጡን ነው የምገዛላት" ብለው ሱቅ ውስጥ ካለው ዘይት ሁሉ ውዱን ገዙ። ሲንተቲክ፣ ባለ 0 ደብሊው 20፣ የመጨረሻው አዲስ ደረጃ። ለዘንድሮ ጃፓን መኪና የሚሆነውን ማለት ነው። ጥቂት ወራት እንደሄዱ ዳገት ወጥታ ጋል ባለች ቁጥር፣ መብራት ላይ ስትቆም የዘይቷ አምፖል ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። መካኒኩ ጋ ሄዱ። መካኒኩም "ጋሼ፣ አሮጊት እኮ ወፍራም ነው የምትወደው!" ብሎ ባለ 20 ደብሊው 50 ሞላላቸው። አምፖሉ ጠፋ። አጎትየው መረቁት። ከዚያ ደግሞ መኪናዋ ዳገት ላይ ከበፊቱ ይበልጥ መጋል ጀመረች። በመጨረሻም ከኋላ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፤ ሞተሩ ሲፈታ የካምሻፍቱ ጉብታዎች ተበልተው ሾጣጣነታቸው ጠፍቶ ተገኘ።

ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የዘይቱ ነው ብለን አንምልም፤ ሞተሩ ዕድሜ ጠገብ ነው፣ አጎትየውም አነዳዳቸው የዋዛ አይደለም። ግን ሁለቱም ሰዎች፣ ባለቤቱም መካኒኩም፣ መኪናዋን ወድደው ነው የጎዷት። አንዱ "አዲስ ይሻላል" ብሎ፣ ሌላው "ወፍራም ይሻላል" ብሎ። ነገሩ ስለከነከነን የዘይትን ታሪክ ወደኋላ ሄደን ማገላበጥ ጀመርን።

መጀመሪያ ቁጥሩ። ኤስኤኢ የሚባለው የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ለዘይት ውፍረት ቁጥር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ልብ በሉ፣ መኪና አዲስ አበባ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ግድም ነው። ማለትም ከተማችን መኪና ካየች በኋላ ነው ዓለም በዘይት ቁጥር የተስማማው! ከዚያ በፊት ነጋዴው "ቀላል"፣ "መካከለኛ"፣ "ከባድ" ብሎ የጻፈውን ማመን ነው። የጉሎ ዘይት እንኳ ሞተር ውስጥ ይገባ ነበር። ካስትሮል የሚለው ስም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1909 የወጣው ከጉሎ የእንግሊዝኛ ስም ነው።

ቁጥሩ ታዲያ ማዕረግ አይደለም። 40 ከ30 "የበለጠ" ዘይት አይደለም፣ ይበልጥ ወፍራም ነው እንጂ። ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ምን ያህል እየተጎተተ እንደሚፈስ ይለካል፤ ሴንቲስቶክስ በሚባለው መለኪያ ከ6.9 እስከ 9.3 ከሆነ 20፣ እስከ 12.5 ከሆነ 30፣ እስከ 16.3 ከሆነ 40፣ እስከ 21.9 ከሆነ 50 ይባላል። በቃ ይኸው ነው። "ደብሊው" የምትለዋን ፊደል ብዙ ሰው የክብደት ምልክት ይመስለዋል። አይደለችም፤ በእንግሊዝኛ የክረምት የመጀመሪያ ፊደል ናት። ክረምት ሲሉ ደግሞ የኛን ዝናብ እንዳይመስላችሁ፣ የነሱን በረዶ ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ጠዋት በብርድ ሞተር ሲነሳ ዘይቱ እንዴት እንደሚሆን ይናገራል፣ ከኋላው ያለው ደግሞ ሲግል። ሁለቱን በአንድ ጣሳ ያዋሃዱት ዘይቶች የተስፋፉት በ1950ዎቹ ነው፣ እ.ኤ.አ.። ሲግል ዘይቱ ከልክ በላይ እንዳይቀጥን የሚይዝ ፖሊመር ተጨመረበትና 10 ደብሊው 30፣ 20 ደብሊው 50 የሚባሉት መጡ።

እንግዲህ የአጎትየውን የመጀመሪያ ስህተት ተመልከቱ። የቮልስ መመሪያ መጽሐፍ በ1960ዎቹ ያዘዘው ባለ አንድ ቁጥር ዘይት ነው፦ በሞቃት ወቅት 30፣ በጣም ሞቃት በሆነ አገር 40፣ በአውሮፓ ብርድ 20። እሳቸው ያስገቡት ሲግል 20 የሚሆነውን ነው። የጀርመን መሐንዲስ ለበረዶ ወራት ያሰበውን ቅጥነት ይዘው የእንጦጦን ዳገት ወጡ ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት የተሽከረከረ ሞተር ደግሞ በብረትና በብረት መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል። ቀጭኑ ዘይት በክፍተቱ ሾልኮ ያመልጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ አምፖሉም "ኧረ ተው!" ይላል። 0 ደብሊው 20 መጥፎ ዘይት ሆኖ አይደለም። ክፍተቱ በኮምፒዩተር ዘመን ተለክቶ ለተጠበበ ሞተር፣ ቤንዚን እንዲቆጥብ ተብሎ የተሠራ ዘይት ስለሆነ ነው።

የመካኒኩ ስህተት ግን ከዚህ ይበልጥ ይገርማል። እኛም ራሳችን ስናነበው ነው የደነቀን።

ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። በ1930ዎቹ ፈርዲናንድ ፖርሼና ባልደረቦቹ ይህችን መኪና ሲነድፉ ውሃ የሌለበት፣ በብርድ የማይቀዘቅዝ፣ በሙቀት የማይፈላ ሞተር ነው ያሰቡት። ከኋላ ያለው ማራገቢያ አየር ይነፋበታል። አየር ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሞተሩን ሆድ የሚያበርደው ዘይቱ ነው። ስለዚህ ማራገቢያው በሚነፋው አየር መንገድ ላይ ትንሽ የዘይት ማቀዝቀዣ ቆማለች። ዘይቱ ትኩስ ሆኖ ይመጣል፣ በማቀዝቀዣዋ ቱቦዎች ያልፋል፣ በርዶ ይመለሳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን የምንተነፍሰውም፣ ማራገቢያው የሚነፋውም አየር ሳሳ ያለ ነው። በማቀዝቀዣዋ ላይ ያለው ሸክም ከሐምቡርግ ጋር አንድ አይደለም።

መሐንዲሶቹ አንድ ነገር አስቡ። በብርድ ጠዋት ዘይቱ እንደ ማር ወፍሮ እያለ በዚያች ስስ ማቀዝቀዣ ውስጥ በኃይል ቢገፋ ሊያፈነዳት ይችላል። ስለዚህ ከሞተሩ ሥር በሞላ የምትገፋ ቫልቭ አስቀመጡ። ዘይቱ ሲወፍር ግፊቱ ያይላል፣ ቫልቯን ይገፋታል፣ ማቀዝቀዣዋን ትቶ በአቋራጭ ይሄዳል። ሲሞቅና ሲቀጥን ግፊቱ ይበርዳል፣ ሞላዋ ቫልቯን ትመልሳታለች፣ ዘይቱም ወደ ማቀዝቀዣዋ ይዞራል። ያለ ኮምፒዩተር፣ ያለ ሽቦ! አንድ ሞላና አንዲት የብረት ቁራጭ።

አሁን ወደ ጓደኛችን አጎት እንመለስ። ከሚገባው በላይ ወፍራም የሆነ ዘይት ስታስገቡ ቫልቯ ሞተሩ ገና ያልሞቀ ይመስላታል። ዘይቱ ቶሎ ስለማይቀጥን ለረጅም ጊዜ በአቋራጩ መንገድ ይሄዳል፣ ማቀዝቀዣዋም ሥራ ትፈታለች። መኪናዋን ከሙቀት ለማዳን የተጨመረው ወፍራም ዘይት ያግላታል! የአምፖሉ መጥፋትም ያታልላል፤ ግፊት አለ ማለት ዘይቱ በሚፈለገው ቦታ ሁሉ እየደረሰ ነው ማለት አይደለም። ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዋሽ ለሚወርድ ሰው 20 ደብሊው 50 ክፉ ምርጫ ላይሆን ይችላል። ጠዋት ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት በኛ ከተማ፣ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ለምትል ቮልስ ግን 10 ደብሊው 40 ወይም 15 ደብሊው 40 ከሁለቱም ጫፍ ያድናል ባዮች ነን። መጽሐፉ ያዘዘውን ባለ 30 ያገኘም ሰው አላጠፋም።

ይህ ሁሉ ስለ ውፍረት ነው። ካምሻፍቱን የበላው ግን ውፍረት ብቻ አይመስለንም። እዚህ ላይ ታሪኩ ከጋራዥ ወጥቶ ወደ አሜሪካ ምክር ቤት ይሄዳል።

መጀመሪያ ግን ወደ ማጀት። አዲስ ምጣድ ገዝቶ ወዲያው እንጀራ የሚጋግር የለም፤ ይሟሻል። በጎመን ዘር እየታሸ፣ እየጋለ፣ ላዩ ላይ የማይታይ ልባስ ይይዛል። ያ ልባስ ከሌለ እንጀራው ይጣበቃል። በአሮጌ ሞተር ውስጥም የሚሟሽ ነገር አለ። ካምሻፍቱ ሲዞር ጉብታው ታፔት የምትባለዋን ጠፍጣፋ ብረት እየፋቀ ይገፋታል፣ እሷም ቫልቩን ትከፍታለች። በዘመኑ አዳዲስ ሞተሮች ብዙዎቹ እዚህ ቦታ ላይ ተሽከርካሪ ሮለር አላቸው። በቮልስ ግን ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። በዚያች ጠባብ መስመር ላይ የሚያርፈው ጫና ዘይቱን ጨምቆ ያስወጣዋል። ያን ጊዜ የሚያድነው ዘይቱ ውስጥ የተቀመመ የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ ነው፤ ዜድዲዲፒ ይሉታል። ሙቀትና ጫና ሲያገኝ ብረቱ ላይ ስስ ልባስ ይሠራል። ልባሱ ይፋቃል፣ ብረቱ ይተርፋል፣ ከዘይቱ ውስጥ ሌላ ልባስ ይተካል። በየቀኑ ራሱን የሚያሟሽ ምጣድ በሉት።

ይህ ውህድ ዘይት ውስጥ መግባት የጀመረው በ1940ዎቹ ነው፣ እ.ኤ.አ.። የሚገርመው መጀመሪያ የተጨመረው ዘይቱ እንዳይበላሽና ብረት እንዳይበላ ተብሎ ነው፤ ከመፋቅ እንደሚያድን በደንብ የታወቀው በኋላ ነው። ንጉሡ በቮልስ በወጡበት ዓመት በገበያ ላይ የነበረው ከፍተኛው የቤንዚን ሞተር ዘይት ደረጃ ኤስኢ ይባል ነበር። በዚያን ጊዜ ማንም ፎስፈረሱን አይቆጥርበትም።

ከዚያ የመኪና ጭስ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 የአየር ንጽሕና ሕጓን አጠበቀች፣ ከ1975 ሞዴሎች ጀምሮ ጭስ የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር መኪኖች ሥር መገጠም ጀመረ። ይህ ዕቃ ሁለት ነገር ይመርዘዋል፦ ቤንዚን ውስጥ ያለ እርሳስና ዘይት ውስጥ ያለ ፎስፈረስ። እርሳሱ ከቤንዚን ወጣ። ፎስፈረሱን ግን ጨርሶ ማውጣት ስለማይቻል መቀነስ ተጀመረ። በቀጫጭኖቹ ዘይቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 በመጣው ኤስጄ ደረጃ ጣሪያው 0.10 በመቶ ሆነ፣ በ2004 በመጣው ኤስኤም ደግሞ 0.08 በመቶ። በ2010 ኤስኤን፣ በ2020 ኤስፒ ተከተሉ፣ ጣሪያውም እዚያው ቀረ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ጭሱን የምንተነፍሰው እኛ ነን። ነገር ግን ማንም ስለ አሮጊቷ ቮልስ አልመከረም። ኮንቨርተር የላትም፣ ሮለር የላትም፣ የሚንሸራተት ታፔት ግን አላት።

ለፍትሕ ያህል እንናገር፦ የቮልስ የቫልቭ ሞላ ለስላሳ ስለሆነ 0.08 ይበቃታል ብለው የሚከራከሩ አዋቂዎች አሉ። ሊሆን ይችላል። ካምሻፍት ለመቀየር ሞተር ወርዶ ለሁለት መከፈል እንዳለበት ላየ ሰው ግን ክርክሩ አያጓጓም። ደግሞም ጣሪያው የሚመለከተው እንደ 0 ደብሊው 20 እና 5 ደብሊው 30 ያሉትን ቀጫጭኖች ነው። ወደ 10 ደብሊው 40 ከፍ ስትሉ ገደቡ አይሠራም፣ ዘይት ሠሪው ከፈለገ ይጨምራል። ለናፍጣ ሞተር የተሠሩት 15 ደብሊው 40 ዘይቶች ደግሞ ሰፋ ያለ ነው የተፈቀደላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ሲጄ4 ጣሪያው 0.12 በመቶ ነው። ብዙ የድሮ መኪና ወዳጆች ጣሳው ላይ የናፍጣውንም የቤንዚኑንም ደረጃ አብሮ የያዘ ዘይት የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ጣሳው ጀርባ ላይ ያለችውን ክብ ምልክት ማንበብ ነዋ፤ ዓይናችሁን ከፊተኛው የአንበሳና የእሽቅድምድም መኪና ሥዕል ላይ አንሱ።

"እንግዲያው የድሮ መኪና የድሮ ዘይት ትጠጣ" የሚል ደግሞ አይጠፋም። ተው! ኤስኤ የሚባል ደረጃ አለ፤ ምንም ቅመም የሌለበት ጭልጥ ያለ ዘይት ነው። ደረጃውን የሰጠው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ ኤፒአይ የሚባለው፣ ራሱ ከ1930 በኋላ ለተሠሩ ሞተሮች አይሆንም ብሏል። ኤስቢን ደግሞ ከ1951 በኋላ ለተሠሩ። ቮልስ አሮጌ ብትሆን እንኳ የዚያ ዘመን ሰው አይደለችም። የመመሪያ መጽሐፏም የሚያዘው ኤችዲ የሚለውን፣ ማለትም አጣቢ ቅመም ያለበትን ነው።

የአጣቢው ነገር ራሱ አንድ ገጽ ይወጣዋል፣ እኛ ግን ቶሎ እንለፈው። ቮልስ የዘይት ፊልትሮ የላትም! ከሞተሩ ሥር ያለችው ወንፊት ብቻ ናት፤ እሷም የምትይዘው በዓይን የሚታየውን ቆሻሻ ነው። ደቃቁን አቧራና ጥላሸት አጣቢው ቅመም በዘይቱ ውስጥ አንሳፍፎ ይይዘዋል፣ የሚወጣውም ዘይቱ ሲቀየር ብቻ ነው። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የሚለው የመጽሐፉ ትእዛዝ ምክር አይደለም፣ ፊልትሮው እሱ ነው። "ይህ ሲንተቲክ ነው፣ 15,000 ያስኬዳል" የሚል ማስታወቂያ ፊልትሮ ላላት መኪና የተጻፈ ነው። ዘይቱ ጠቆረ ብላችሁም አትደንግጡ፤ መጥቆሩ ሥራውን መሥራቱ ነው። ለዓመታት ቆማ አተላ የያዘችን መኪና ግን መጀመሪያ በአጭር በአጭር ጊዜ እየቀየራችሁ፣ ወንፊቷን እያጠባችሁ ብታስነሱ ይሻላል። የሟሟው አተላ በአንድ ጊዜ ወርዶ መንገድ እንዳይዘጋ።

ይህን ሁሉ ጓደኛችን ለአጎቱ ይዞ ሄደ። አጎትየው ዝም ብለው ሰሙና "እና እኔ ነኝ የገደልኳት?" አሉ። ምን ይባላል? "አይ አጎቴ፣ ዕድሜዋ ነው" አለ። ውሸት ነው፣ ግን ግማሽ ውሸት።

ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የአጎትየው ጎረቤት ኤሌክትሪክ ገዝቷል፤ የሞተር ዘይት የሚባል ነገር አይነካውም፣ ካምሻፍት የለው፣ ታፔት የለው። የመጨረሻዋ ቮልስም ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ከወጣች ቆይቷል፤ ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሠርተው። የምትመጣ ሌላ የለችም። ያሉት ያሉት ናቸው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ እያለ ጣሊያንኛውን አማርኛ ያደረገው የጋራዥ ትውልድም እያረጀ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ "ወፍራም ነው የምትወደው" ብሎ የሚሳሳት መካኒክ እንኳ ላይገኝ ይችላል።

የአጎትየው ሞተር አሁን ተገጥሟል። አዲስ ካምሻፍት፣ አዲስ ታፔት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳም መካኒኩ ጉብታዎቹን በወፍራም የመገጣጠሚያ ቅባት ቀብቶ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ነዳጅ እየሰጠ ሳያጠፋ አሟሸው። ቃሉን እኛ አይደለንም የነገርነው፣ ራሱ ነው "ላሟሸው" ያለው። ዘይቱ ባለ 15 ደብሊው 40 ነው፣ ሁለት ሊትር ተኩል፣ ከዚያ ጠብታ አይበልጥም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ስንሄድ አጎትየው ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከኋላዋ ቁጢጥ ብለው አገኘናቸው። መለኪያ ዘንጓን ሳብ አደረጉ፣ በአሮጌ ጨርቅ ጠረጓት፣ መልሰው ከተቷት፣ እንደገና ሳቧት። ዓይናቸው ስለደከመ ለጓደኛችን ሰጡት። "እስቲ እይልኝ፣ ከሁለቱ ጭረት መሃል ናት?" አሉት። መሃል ነበረች።